የ«ፈታ» ፍቺ

ባጃጅ የተሠራው ለአንድ ሹፌርና ለሦስት ተሳፋሪ ነው። ይህን የሚያውቁት ግን የሠሩት ሕንዶች ብቻ ናቸው መሰለኝ። በነሐሴ መጨረሻ ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ሰፈሬ ስመለስ ከኋላ አራት ሆነን ተደርድረናል። አምስተኛው ከሹፌሩ ጎን በአንድ ወገኑ ብቻ ተቀምጦ በሌላው ወገኑ አስፋልቱን እየተሰናበተ ነው። እኔ ደግሞ የማላውቃት ሴትዮ «አንዴ ይያዙልኝማ» ብላ ያስታቀፈችኝን ዶሮ ይዣለሁ። ዶሮዋ እግሯ በቃጫ ታስሯል። የእኔም እግር ሰው ጉልበት መሀል ገብቶ ከታሰረ ቆይቷል። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ምነው ኮስተር አሉ? ፈታ ይበሉ እንጂ!» አለኝ።

እኔና ዶሮዋ ተያየን።

እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። በዚያው ሳምንት ግፊቴን የለካልኝ ሐኪም ክንዴን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ አየር ሞልቶ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ አጥብቆ ካሰረኝ በኋላ፣ «ፈታ ይበሉ ጋሼ፣ ሲጨናነቁ ነው ከፍ የሚለው» ብሎኛል። ልጄ የኮሌጅ ክፍያዋን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝና ከሥሩ «አባ ፈታ በል» ብላ ሁለት የሚስቅ ፊት ለጠፈችበት። ከደቡብ አፍሪካ ለእረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። ጆሃንስበርግ ዳርቻ ሱቅ አለው። ሌባ እየፈራ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ በቀዳዳ ዳቦ እንደሚሸጥ ራሱ አጫውቶኛል። ይህንኑ አጫውቶኝ ሲያበቃ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አጎቴ፣ የዚህ አገር ሰው እኮ ፈታ ማለት አያውቅም!» አለ።

አንድ ነገር ታዘብኩ። ፈታ በል የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገመዱን ጫፍ የያዘው ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። አፌን የፈታሁት ግን በሀዲይኛ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አማርኛ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ሲል የሰው ልጅ አፉ ታስሮ እንደሚወለድ ቆጥሮ ነው። እኔ በሀዲይኛ ከተፈታሁ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ በአማርኛ እንደገና ታሰርኩ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ተፈታሁ፣ ከዚያ የሌሎችን ልጆች አፍ በአርጩሜ ስፈታ ጡረታ ደረሰ። ባለቤቴ የዱራሜ ልጅ ናት፣ አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አብረን ስንቆጥር ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ ብለን እስከ ሦስት ያለ ጠብ እንሄዳለን። አራት ላይ እኔ ሶሮ ስል እሷ ሾሎ ትላለች፤ እዚያ ላይ እንኮራረፍና አምስት ላይ ኦንቶ ብለን እንታረቃለን። ትዳራችንም ከሞላ ጎደል እንደዚሁ ነው። የሁለታችንም አፍ የማይፈታው ነገር ሲመጣ አማርኛ ይገላግለናል። በ2015 ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ስትሆን አማርኛ የሥራ ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ፤ በእኛ ቤት ግን ቀድሞውንም የሽምግልና ቋንቋ ነበር።

ታዲያ ይቺ «ፈታ» የምትባል ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትከተለኝ ሰነበተችና፣ የአስተማሪነት አመል አይለቅም፣ ፍቺዋን ልፈልግ ተነሣሁ። መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት አሉ። አንደኛው በ1948 የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው በ1962 የወጣው የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው ነው። የመጀመሪያውን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ኪዳነ ወልድ ተረከቡት፣ እሳቸውም ሳያሳትሙት አርፈው ደስታ ለማተሚያ ቤት አበቁት። ሦስት ሰው ዕድሜውን የሰጠው መጽሐፍ ነው። ሦስቱም ቃል ሲፈቱ ኖረው ፈታ ሳይሉ ያለፉ ይመስለኛል።

ሥሩ ግዕዝ ነው፤ ፈትሐ። ፈታ፣ ከፈተ፣ ለቀቀ፣ ፈረደ፤ ሁሉም በአንድ ግሥ ውስጥ ናቸው። ለጥንቱ ሰው መፍረድ ማለት የተቋጠረ ነገር መፍታት ነበር ማለት ነው፤ ፍትሕም ፍትሐ ነገሥትም ከዚያ መጡ። (ፍትሕ የዚህ ቤተሰብ ልጅ መሆኗን ባውቅም ፈታ ያለ ዳኛ ግን አይቼ አላውቅም።) ካህን ፊት ቀርበን «ይፍቱኝ አባ» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉናል። ስንሞት ፍታት ይደረግልናል። ችግራችን መፍትሔ ይፈለግለታል። ጾሙ ይፈታል፣ ሕልሙ ይፈታል፣ እንቆቅልሹ ይፈታል፣ እስረኛው ይፈታል፣ በሬው ከቀንበር ይፈታል። ጋራዥ ብትገቡ «አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ» ሲባል ትሰማላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ «ችግር ፈቺ ምርምር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ እዚህ ከተማችን ዋቸሞም፣ ሌላውም ዘንድ ያው ነው። እሑድ ጠዋት በማናቸውም የሀዲያና የከምባታ ከተማ፣ ሾኔም ሁኑ አንጋጫ፣ ዶዮገናም ሁኑ ሆመቾ፣ በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ብታልፉ በድምፅ ማጉያ «እስራቱ ይፈታ!» ሲባልና ምእመኑ «አሜን!» ሲል አጥሩ ይነቃነቃል። ማለቴ፣ ይህ ቃል የማይገባበት ቤት የለም።

የማይመለከተው ዘመድም አለው። ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ፈታኝ» ብዬ ጽፌ ትርጉሙን ጠየቅኩ። አንዱ ተማሪ «ፈተና የሚሰጥ» አለ። ሁለተኛው «ከባድ፣ አስቸጋሪ» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ፣ «እናቴ ስለ አባቴ ስታወራ የምትለው ነው» አለች። ሦስቱም ልክ ናቸው። «ፈታሽ»ም እንደዚሁ ነው። ኬላ ላይ ሻንጣ የሚበረብረው ሰው ፈታሽ ነው፤ ለአንዲት ሴት ስለ ባሏ የሚነገር መርዶም «ፈታሽ» ነው። መንገድ ላይ የፈታሹን ፊት ላየ ሰው ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም።

እዚህ ላይ ስለ «ቀላል» ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሌላው ዓለም የደስተኛን ሰው ልብ በሚዛን ይለካና ቀላል ነው ይላል ይባላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ወዮለት! «ቀላል ሰው ነው» ከተባለ ሴት ልጅ አይድሩለትም፣ ዕድር ገንዘብ ያዥ አያደርገውም። «ቀለልክብኝ» ከስድብ ይቆጠራል። እርግጥ የአሁን ልጆች ቃሉን ገልብጠውታል። «ቀላል ደክሞኛል!» ካለች ልጄ በጣም ደክሟታል ማለት ነው፤ ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቢሆንም ለሰው ጠባይ ሲሆን ቅለት እስከ ዛሬ ነውር ነው። ስለዚህ አማርኛ ደስታን ከሚዛን አወረደና ለገመድ ሰጠው። የተከፋ ሰው ፊቱን ይቋጥራል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ደስ ያለው ይፈታል። ፈንጠዝያ የሚባልም ቃል አለን። እሱ ግን ሥሩ ግሪክ ነው፣ ምናብ ማለት ነበር፤ ድግስና ከበሮ ካልተገኘ ብቻውን አይመጣም። ፈታ ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የተወለደው ምናልባት በሬ በሚፈታበት ሰዓት ይሆናል እላለሁ። ይህ የኔ ግምት ነው፣ መጻሕፍቱ አላሉም። አባቴ ሞፈሩን ጥሎ፣ ቀንበሩን አውርዶ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ፊቱ ላይ የማየው ነገር ከዚህ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ሰዋስዉም አስገረመኝ። ሰው «ተፈታ» ከተባለ ጨርሶ ተፈትቷል፤ ገመዱ መሬት ነው። «ፈታ አለ» ከተባለ ግን እንደ «ላላ አለ»፣ እንደ «ጠጋ አለ» ትንሽ ብቻ ነው፤ ገመዱ እንዳለ አለ፣ ቋጠሮውም አለ፣ የአንድ ጣት ክፍተት ተገኝቷል። ደግሞ «ፈታ ሁን» አንልም፣ «ፈታ በል» እንጂ። መሆን የለበትም፣ ማለት ብቻ ነው! አማርኛ መቼም ብዙውን ነገር በማለት የሚጨርስ ቋንቋ ነው፤ ቁጭ እንላለን፣ ብድግ እንላለን፣ ዝም እንኳ እንላለን። እኔም ሐኪሙ ፊት «ፈታ» አልኩ። ግፊቱ አልወረደም።

እዚህ ስደርስ ሊቅ መጠየቅ አማረኝና ለአንድ መሪጌታ ወዳጄ ስልክ ደወልኩ። ኔትወርኩ ቤት ውስጥ ስለማይሠራ ጓሮ ወጥቼ እንሰቶቹ መሀል ቆምኩ። መሪጌታም ጆሯቸው ከበድ ያለ ስለሆነ ጮኼ ነው የማወራው።

«ፍቺ ነው የምፈልገው! ፍቺ! ... አዎ፣ ቁርጥ ያለውን! ... ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብሬያት ስኖር ምን እንደሆነች ሳላውቅ! ... መጽሐፉን አይቻለሁ፣ አላረካኝም! ... ግድ የለም፣ ሥሯን ነቅዬ ነው የማወጣው! ... ለባለቤቴ? ለእሷማ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ እሷ በዚህ ነገር ትስቅብኛለች!»

ከእንሰቱ ማዶ የጎረቤታችን ሚስት ልብስ እያሰጣች ነበር። ሰላም ስላት ባልዲዋን ጥላ ገባች። ዝናብ መጣ ብላ ነው አልኩ።

ሦስት ቀን አለፈ። በሦስቱ ቀን ሰፈሩ ጠባዩን ለወጠብኝ። ባለሱቁ ስኳር ሲመዝንልኝ እጄን ያዝ አድርጎ «አይዞህ» አለኝ። የሰፈራችን መጋቢ መንገድ ላይ አስቁመው ስለ ትዕግሥት ሩብ ሰዓት ነገሩኝ። ባለቤቴ ግን ምንም አልሰማችም። መስከረም እየመጣ ስለሆነ ልቧ ያለው ቅቤው ላይ ነው። የመስከረሙን በዓል እኔ ያሆዴ እላለሁ፣ እሷ መሳላ ትላለች፣ ቅቤው ግን አንድ ነው። እኛ ዘንድ ወንዶቹ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤው። ቡላው፣ ወተቱ፣ አይቡና ቅቤው ተሟልቶ አተካና ካልተሠራ ዓመቱ አልተለወጠም ይባላል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ እንደወጣች አራት ሽማግሌዎች በራፌ ላይ ቆሙ።

ሁለቱ የኔ ወገን ናቸው። ሁለቱ ከዱራሜ የመጡ፣ ጫማቸው ላይ የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም። አራት ሽማግሌ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሴት ልጅ ያለው አባት ያውቀዋል። ልቤ ዘለለ። የኮሌጁን ክፍያ አሰብኩ፤ አማች ሊጋራኝ ነው። ገቡ፣ ተቀመጡ። ስለ ከብቱ ተጠየቀ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዱራሜ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ አዟዟሩና ጀመሩ።

«የመጣንበትን ሳታውቀው አትቀርም።»

«አውቃለሁ አባቴ» አልኩ ዓይኔን ሰበር አድርጌ።

«ነገሩ እውነት ነው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ እንጂ። በኔ በኩል ደስታውን አልችለውም።»

«ደስታ?!» አሉ የእኔው ወገን ሽማግሌ።

«እስከ ዛሬስ ለምን ዘገየ እያልኩ ነበር። ዕድሜዋ ደርሷል። ትሂድ፣ ቤቷን ትያዝ። እኔና እናቷ ምን ቀረን?»

ከዱራሜ የመጡት ተነሡ። ከዘራው ከፍ አለ። መሀል የተቀመጡት ይዘው ባያስቀምጧቸው ኖሮ ይህን ወግ የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። «ሠላሳ ዓመት የወለደችለትን፣ የከደነችለትን ሚስት ‹ትሂድ› ይላል! ደግሞ ደስ ይለኛል ይላል!»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። «ኧረ አባቶቼ፣ ፍቺ ያልኩት የቃል ፍቺ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ጸጥ አሉ። ከዚያ የእኔ ወገን ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «የቃል?» አሉ። «ወረቀት እንኳ አይኖረውም?»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነውና፣ «ፍቼ ነው ያለው? ፍቼ እኮ የሲዳማ ነው፤ እኛ ያሆዴ ነው ያለን» አሉ። ማንም አላረማቸውም።

መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። ከባዱን መጽሐፍ በትልቁ ሽማግሌ ጭን ላይ አስቀምጬ ቃሉን በጣቴ አሳየኋቸው። መጽሐፉን ዘግተው ጀርባውን አዩት፤ ገልብጠው ፊቱን አዩት። «ይህን የሚያክል መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ከሆነ ነገሩ የቆየ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ከገበያ ገባች። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፋለች፤ ቃጫው ዙሪያውን አራት ጊዜ ዞሮ ተቋጥሯል። አራት ሽማግሌ ስታይ እሷም ፊቷ በራ። እልልታ ከጉሮሮዋ ሊወጣ ሲል በዓይኔ ከለከልኳት። እንግዲህ ማንም ቢያስረዳት ከኔ ይሻላል ብዬ ሽማግሌዎቹን አየሁ፤ እነሱ መሬቱን አዩ። ከዚያ ሁሉ የከፋው ይህ ደቂቃ ነበር። በመጨረሻ ከዱራሜ የመጡት አጎቷ በከምባትኛ ነገሯት። ረጅም ነበር፤ ግማሹ ገባኝ፤ የገባኝ ግማሽ የሚያኮራ አልነበረም። ሰምታ ስትጨርስ ቅቤውን ወደኔ ገፋችው።

«ፍታው» አለችኝ።

«ምን?»

«ቃጫውን። ነጋዴዋን ‹ፈታ አድርጊና አሳዪኝ› ብላት ‹ቤትሽ ገብተሽ ፍቺው› አለችኝ። ፈቺ መሆንህን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እስቲ ፍታው።»

ጥፍሬን ሰደድኩ፣ አልሆነም። ጥርሴን ልሞክር አልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አፈርኩ። ቃጫ እርጥብ ሆኖ ሲቋጠርና ሲደርቅ ምን እንደሚሆን የእንሰት አገር ሰው ያውቀዋል። ሁሉም ጣቶቼን ዝም ብለው ይመለከታሉ። «ሠላሳ ዓመት ቃል ስትፈታ ኖረህ አንዲት ቋጠሮ!» አለችና ቢላዋ አመጣች። ያኔ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በትከሻቸው፣ በመጨረሻ ከዘራው ከእጅ ወደቀ። እሷም ሳቀች። እኔ ቅቤ በቅቤ በሆነ እጄ መሀላቸው ቁጭ ብያለሁ።

ሽምግልና አንዴ ከተቀመጠ ግን ጥል ስላልተገኘ ብቻ አይነሣም። ሴራው አይፈቅድም። (አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ እንዳይደነግጥ፤ በሀዲይኛም በከምባትኛም ሴራ ማለት የአባቶች ሕግ፣ ሥርዓት ነው። እኛ አገር አዲስ የተመደበ ሰው «ሽማግሌዎቹ በሴራ ጨረሱት» ሲባል ሰምቶ ቢገረም ጥፋቱ የአማርኛ ነው።) ሴራው ሰው አውጥቶ፣ ሰው አስቀምጦ፣ ያለ ቃል አይበትንም። ቡናው ተፈላ፤ የጥያቄውም መልክ ተለወጠ። አሁን የቀረበው ክስ «ይህ ሰው ለምን ፈታ አይልም?» የሚል ሆነ። እኔ ተከሳሽ፣ ሚስቴ ምስክር። ምስክርነቷም ብዙ ነበር። በሠርግ ላይ የጥሪ ካርዱን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ማረሜ ተነሣ። አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሀድያ ሆሳዕና ሲጫወት ሕዝቡ «ነብሮቹ!» እያለ ሲዘል እኔ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለ የፊደል ግድፈት ሳሳያት መዋሌ ተነሣ። ጨዋታው ስንት ለስንት እንደወጣ ቤት ደርሼ በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ ይህን አልካድኩም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው፤ ቃሉ ከኔ በላይ ገብቷቸው ነበር። «መምህር» አሉኝ፣ «ከተማህ ሆሳዕና ናት። የሆሳዕና ዕለት መጀመሪያ የተደረገው ምንድን ነው?»

«ዘንባባ ተነጠፈ» አልኩ።

«ከዚያ በፊት።»

ዝም አልኩ። በዕብራይስጥ «እባክህ አድን» ማለት እንደነበር፣ የጭንቅ ጩኸት የነበረው ቃል ውሎ አድሮ የደስታ ዜማ እንደሆነ፣ ከተማዋም ቀድሞ ዋቸሞ ትባል እንደነበር ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን መምህር አልፈለጉም።

«አህያ ተፈታ» አሉ። «ሁለት ደቀ መዛሙርት ተልከው የታሰረ አህያ ፈቱ። ባለቤቶቹ ለምን ትፈታላችሁ ብለው ጠየቁ። በዓሉ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መፍታት ሳይቀድም ሆሳዕና የለም።»

ልቤ ተነካ። ስንት ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ፣ ስንት ጊዜ ያንን ምዕራፍ ሰምቼ፣ ቃሉ እዚያ ተቀምጦ አላየሁትም። ማስታወሻ ደብተሬን ላመጣ ብድግ ስል ከዱራሜ የመጡት አጎቷ ከዘራቸውን መንገዴ ላይ ዘረጉ።

«የተፈታችው አህያ ናት» አሉ። «ሚስት አይደለችም። ይህንንም ጻፍ።»

ውሳኔው በሦስተኛው ስኒ ላይ ተሰጠ። ያሆዴ ከመግባቱ በፊት ባልና ሚስት ወደ አምበሪቾ ይውጡ፣ አየር ይቀይሩ፣ ፈታ ይበሉ። ወደ አዲስ ዓመት ጥል ተይዞ አይገባም። ጥል የለም ብል «እንግዲያው ኩርፊያ» አሉ፤ ኩርፊያ የለም ብል «ፊትህን በመስተዋት እየው» አሉ። ለውሳኔው ከአራቱ ስንቱ እንደተስማማ ሲቆጠር እኔ ሶሮ ስል የዱራሜዎቹ ሾሎ አሉ፤ ተስማምተናል ማለት ነው።

ዱራሜን ያየ ሰው አምበሪቾን አይቷል፤ ተራራው ከከተማዋ ራስ ላይ ነው የቆመው። ቁመቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ የሚያስኬድ ደረጃ ተሠርቶለታል፤ የደረጃው ቁጥር 777 ነው። ሰው ፈታ እንዲል 777 ደረጃ የሚሠራ አገር ፈታ ማለትን እንደ ቀልድ አላየውም። ከታች ወጣቶች ቱታ ለብሰው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ ይሄም የዚያው ቃል ልጅ ነው አልኳት፤ «ውጣ» አለችኝ። እስከ መቶ ድረስ እየቆጠርኩ ነበር። ሁለት መቶ ላይ ቆጠራው በአማርኛ መሆኑ ቀርቶ በሀዲይኛ ሆነ። ሦስት መቶ ላይ ቆጠራው ራሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስለ ቃል ፍቺ ያሰብኩት ነገር የለም። እሷ የአገሯን አየር ስባ እንደ ፍየል ትወጣለች። በየሃያ ደረጃው ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ስደርስ ትሄዳለች።

ላይ ስንደርስ ጉልበቴ ተፈታ፤ ሳር ላይ ዘረጋሁት። ከታች ዱራሜ፣ ማዶ ለማዶ የእንሰቱ ጓሮዎች፣ ከየጣሪያው ጭስ። ስኳር ድንች ቀቅላ ይዛ ነበር፣ በኮባ ጠቅልላ። ሳትቋጥር፣ እንዲሁ አጥፋ። በላን። እኔ አንድም ነገር አላልኩም፤ እሷም አንድም ነገር አላለችም። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም፤ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠን ነው ብላ ያስነሣችኝ እሷ ናት። ከመነሣታችን በፊት ፊቴን አየት አደረገችና አንድ ቃል ልትናገር ብላ ተወችው። የትኛዋን ቃል እንደሆነ ገምቻለሁ። ብትላት ኖሮ ስለ ሥሯ ማስረዳት እጀምር ነበር።

በማግስቱ ከመናኸሪያ ወደ ቤት በባጃጅ ስመጣ ሹፌሩ ያው የዶሮው ቀን ልጅ ነው። ከኋላ አራት ነን፣ አንዱ ከፊት ተንጠልጥሏል። ጉልበቴ ከትናንቱ ደረጃ የተነሣ አይታጠፍም፤ ሳስገባው ፊቴን ቋጠርኩ መሰለኝ።

«ጋሼ» አለኝ በመስተዋቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰማን እኮ። እውነት ተፋታችሁ?»

«ኧረ አልተፋታንም!»

«ተመስገን!» አለ ከልቡ። «እንግዲያማ ምን ሆኑ? ፈታ ይበሉ እንጂ! ግን ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ብሎ ለስድስተኛው ተሳፋሪ ቆመ።